ከድጡ ወደ ማጡ እንዳይሆን፦ ጭቃማ ገጠር አቋርጦ ወደ ባሕር ዳርቻ ለሚደረግ የእግር ጉዞ

ዝናብ የጠገበ ገጠር አቋርጦ ወደ ባሕር ዳርቻ የሚጓዝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው በርቀቱ ሳይሆን በሰዓቱ ነው። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ኔይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው የታወቀ ስሌት ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ አቀበት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ገደማ እንዲያዝ ያስተምራል፤ ጭቃን ግን አይቆጥርም። ስለዚህ ጭቃ ይበዛበታል ብለው ለሚገምቱት ክፍል ጊዜውን በእጥፍ ይያዙ።

ቀጥሎ የሚታየው የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ነው። በብዙ ዳርቻዎች ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ የዛሬው ሙላት ከትናንቱ በ50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል፤ ጨረቃ በምትወለድበትና ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን ደግሞ ውኃው ከወትሮው ርቆ ይሸሻል፣ ከወትሮውም ከፍ ብሎ ይመለሳል። ሲመለስም በመጀመሪያው ሰዓት ዝግ ይልና በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ብቻ የጠቅላላውን ግማሽ ያህል ይሞላል። በአሸዋው ላይ መሄድ ካሰቡ የዕለቱን የሙላት ሰንጠረዥ አይተው ውኃው ገና በመሸሽ ላይ ሳለ ይድረሱ። ከዚያም «ደረስንም አልደረስንም በ8 ሰዓት ፊታችንን እናዞራለን» ብለው የመመለሻ ሰዓት ይቁረጡ፤ ቤት ለሚቀር ሰውም ይንገሩ። በእኔ እምነት ይህ ውሳኔ ከጫማም ከካርታም ይቀድማል፤ ሰው ከደከመና ባሕሩ ከታየው በኋላ ለመመለስ ልቡ አይቆርጥምና።

ጭቃው የሚከፋው ከብት በሚተላለፍባቸው በሮች አካባቢ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ባለ በር ላይ ስቸኩል እግሬ ከነካልሲው ወጥቶ ጫማዬ ቀረ፤ ጉድጓዱን ወዲያው ቡናማ ውኃ ሞላው፣ ጫማውንም ያገኘሁት እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ በዳበሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጫማ ማሰሪያዬን ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሳላጠብቅ አልነሣም። በድጥ ላይ አጫጭር እርምጃ ይራመዱ፤ ጥልቀቱን በምርኩዝ ይለኩ፤ ጭቃን ለመሸሽም በመንገዱ ጠርዝ አይሂዱ፣ ጠርዙ ያንሸራትታል፣ አዝመራም ይረገጣል። ማጥ እስከ ጉልበት ከያዘዎት እግርዎን በኃይል አይጎትቱ፤ ሻንጣዎን ያውልቁ፣ ክብደትዎ እንዲከፋፈል ወደ ኋላ ጋለል ይበሉ፣ እግርዎን ቀስ እያሉ በማወዛወዝ ዙሪያውን ውኃ እንዲገባበት ያድርጉና በመጡበት በኩል ይውጡ።

መንገዱ በውኃ ተውጦ ቢያገኙት ወይም ሰዓቱ ቢያልፍብዎት በመጀመሪያ ቆም ብለው ጥቂት ይቅመሱ፤ ካርታውንም በእርጋታ ይመልከቱ። የባከነውን ጊዜ ለማካካስ በባሕር አጠገብ ያለውን ረግረግ በአቋራጭ መቁረጥ በእውነት ከድጡ ወደ ማጡ መግባት ነው፤ በረግረጉ ውስጥ ያሉት ቦዮች ከኋላ ሊሞሉ ስለሚችሉ ከፊት ደረቅ መስሎ የሚታየው መሬት ሳይታሰብ ደሴት ይሆናል። በእርግጠኝነት ወደሚያውቁት የመጨረሻ ቦታ መመለስ ይሻላል። ዝናብ ያራሰው ገደል ስለሚናድ ከሥሩም ከአፋፉም ይራቁ። ለጀምበር መጥለቂያ የቀረውን ጊዜ ለመገመት እጅዎን ዘርግተው በፀሐይና በአድማስ መካከል ጣቶችዎን ይደርድሩ፤ አራት ጣት አንድ ሰዓት ያህል ነው።

መውጫ ካጡ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ፊሽካ ይንፉ ወይም ባትሪ ያብሩ፣ አንድ ደቂቃ ያርፉና ይድገሙት። በብዙ አገሮች 112 የድንገተኛ አደጋ ስልክ ነው። በሌላ መንገድ በሰላም ከወጡ ደግሞ እርጥብ ካልሲዎን ከመለወጥዎ በፊት ቤት ለቀረው ሰው ይደውሉ፤ የነገሩት ሰዓት ካለፈ ፈላጊዎች በጨለማ ወደዚያው ጭቃ እየወጡ ሊሆን ይችላል።