የፕሪየስ ባትሪ መድከም ሲጀምር ሾፌሮች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ዲሲ፣ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ውስጥ ታክሲ ወይም ኡበር ከሚሠራ ሐበሻ ጋር ስለ መኪና ካወራችሁ ፕሪየስ፣ በቤንዚንና በባትሪ የሚሄደው የቶዮታ ሃይብሪድ፣ ሳይነሳ አይቀርም። ቤንዚን ይቆጥባል፣ ብዙ ማይል ይችላል። ሰው የሚደነግጠው ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለው ትልቁ ባትሪ መኪናውን ያቆመ ቀን ነው። ባትሪው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀደም ብሎ ምልክት ይሰጣል፤ እኛ ነን የማናየው። የማወራው በተለይ ስለ 2004 እስከ 2015 ሞዴሎች ነው፤ ዛሬም በእነሱ እንጀራ የሚበላ ሰው አለ።

ቀዩን ሦስት ማዕዘን መጠበቅ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን ሲበራ ችግሩ ከጀመረ ቆይቷል። ከዚያ በፊት መታየት ያለበት ስክሪኑ ላይ ያለው የባትሪ ሥዕል ነው። 8 ባሮች አሉት። ኮምፒውተሩ ቻርጁን በግምት ከ40 እስከ 80 በመቶ መሃል ስለሚይዘው፣ ጤነኛ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ 6 ባር አካባቢ ይቆያል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የደከመ ባትሪ ግን ትንሽ ቁልቁለት ሲያገኝ ጥግ ድረስ ይሞላል፣ ከዚያ አንድ አጭር ዳገት ወይም ሁለት ሦስት የትራፊክ መብራት ሲያልፍ ወደ 2 ባር ይወርዳል። ትንሽ ጣሳ ቶሎ ሞልቶ ቶሎ እንደሚጎድል ማለት ነው፤ የመያዝ አቅሙ ቀንሷል። ቶሎ መሙላቱን አይቶ “ባትሪዬ አሪፍ ነው” የሚል ሰው ብዙ ነው፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው።

ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ውስጡ 28 ሞጁሎች (ትንንሽ የባትሪ ክፍሎች) አሉ፣ እያንዳንዳቸው 7.2 ቮልት፣ በተከታታይ ተያይዘው 201.6 ቮልት ይሰጣሉ። ኮምፒውተሩ ሁለት ሁለቱን አጣምሮ እንደ 14 ብሎክ ይከታተላቸዋል። ተከታታይ ስለሆኑ አንዱ ሲደክም የሁሉም ሥራ ይበላሻል፤ 27ቱ ደህና ቢሆኑም መኪናው የሚሄደው በደካማው ልክ ነው።

ኤርፖርት ሰልፍ ላይ በኒውትራል መቆም

ኒውትራል ላይ ሞተሩ ቢሠራም ትልቁ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም። የእነዚህ መኪኖች ኤሲ ደግሞ የሚሠራው ከዚሁ ባትሪ ነው። ስለዚህ በሐምሌ ሙቀት ኤሲ ከፍቶ ኒውትራል ላይ መጠበቅ ባትሪውን ያለ ምንም ጥቅም ማድረቅ ነው። ፓርክ ላይ አድርጉት።

ሰልፉ ደግሞ ጥሩ የመመርመሪያ ቦታ ነው። ፓርክ ላይ ሆናችሁ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ለምን ያህል ጊዜ ጠፍቶ እንደሚቆይ ልብ በሉ። በፊት ደቂቃዎች ይቆይ የነበረው አሁን ገና ከመጥፋቱ ተመልሶ የሚነሳ ከሆነ፣ ያውም በተመሳሳይ ሙቀትና በተመሳሳይ ኤሲ፣ ባትሪው አልያዘም ማለት ነው።

ማይል በጋሎን ብቻ ማየት

ክረምት ላይ ይወርዳል፣ ጎማ ንፋስ ሲያንሰው ይወርዳል፣ አጭር አጭር ጉዞ ሲበዛ ይወርዳል። በጥር ብርድ ቀነሰ ብላችሁ አትደንግጡ። አየሩ ሞቆ፣ ጎማው ተስተካክሎ፣ አሁንም ከወረደና ባሮቹም የሚዘሉ ከሆነ ግን ተጠራጠሩ።

ሁለቱን ባትሪዎች ማምታታት

በእነዚህ ሞዴሎች ከኋላ በስተቀኝ በኩል ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አለች። እሷ ስትደክም ዳሽቦርዱ ይርገበገባል፣ የማይገናኙ መብራቶች ይበራሉ፣ መኪናው “ሬዲ” (ለመሄድ ዝግጁ) አይልም። ሰው ወዲያው ትልቁ ሄደ ብሎ ይደነግጣል። መጀመሪያ እሷን አስለኩ፤ መኪናው አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለባት። በጃምፐር ተነስቶ በደንብ ከሄደ ችግሩ እሷ ጋ ሳይሆን አይቀርም። ትልቁን በጃምፐር ማስነሳት አይቻልም፤ እነዚህ መኪኖች እንደ ሌላው መኪና ለብቻው ሞተሪኖ የላቸውም፣ ሞተሩን የሚያዞረው ትልቁ ባትሪ ራሱ ነው። ለዚህ ነው እሱ ጨርሶ ሲሞት ታንኩ ሙሉ ሆኖም መኪናው የማይነሳው።

መንቀጥቀጥን ሁሉ የባትሪ ማድረግ

ከ2010 እስከ 2015 ያሉት ላይ ጠዋት ሲነሳ የሚንቀጠቀጥና የሚንኳኳ ከሆነ፣ ኩላንቱም ሳይፈስ የሚቀንስ ከሆነ፣ ሄድ ጋስኬቱን (በሞተሩ ብሎክና በጭንቅላቱ መሃል ያለውን ማሸጊያ) እና የተደፈነ ኢጂአር (የተቃጠለ ጭስ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን ክፍል) ተጠራጠሩ። እነዚህ ሞዴሎች በዚህ ይታወቃሉ። በዚህ ምክንያት ባትሪ ቀይሮ ችግሩ እንዳለ የቀረ ሰው ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ወጪው ቀላል አይደለም።

የኋላ ወንበር ጎን ያለውን የአየር መግቢያ መርሳት

ባትሪው የሚቀዘቅዘው ከተሳፋሪው ክፍል በሚስበው አየር ነው። ተሳፋሪ ጃኬቱን ወይም ቦርሳውን እዚያ ላይ ይጥላል፣ አቧራና ፀጉር ደግሞ ፋኑ ውስጥ ይጋገራል። ሙቀት ለዚህ ዓይነት ባትሪ ዋናው ጠላት ነው። መጠነኛ አየር እያለ ከኋላ የፋን ጩኸት ከሰማችሁ ያ ራሱ ቀደምት ምልክት ነው፤ ባትሪው ሞቋል። ፋኑን አስፈትታችሁ አስጠርጉት፣ በየዓመቱ።

ኮዱን አጥፍቶ መንዳት

ኮድ ማለት የመኪናው ኮምፒውተር ያገኘውን ብልሽት የሚመዘግብበት ቁጥር ነው። ኮድ ስታጠፉ ባትሪው አይድንም፣ መረጃው ነው የሚጠፋው። ፒ0ኤ80 ባትሪው ይቀየር የሚል ነው፤ ከፒ3011 እስከ ፒ3024 ያሉት ደግሞ የትኛው ብሎክ እንደደከመ ይናገራሉ። ከመጥፋቱ በፊት ፎቶ አንሱት። ተራ ኮድ አንባቢ የሃይብሪዱን ኮድ ላያሳይ ይችላል፤ ዶክተር ፕሪየስ የሚባለው አፕ ከትንሽ የብሉቱዝ ኦቢዲ ማንበቢያ (መኪናው ላይ የሚሰካ ኮድ አንባቢ) ጋር 14ቱንም ብሎክ ለየብቻ ያሳያል። አንድ ሰው እየነዳ ሌላው ስክሪኑን ይመልከት። ጠንከር አድርጎ ነዳጅ ሲሰጥ አንዱ ብሎክ ከሌሎቹ ከ1 ቮልት በላይ ወደ ታች ከተለየ፣ መብራት ባይበራም ጀምሯል።

ያገለገለ ስትገዙም ይህንኑ አድርጉ። ስካነሩ የውስጥ ሙከራዎቹ ገና አልተጠናቀቁም ካለ፣ በቅርቡ ኮድ ተሰርዟል ወይም 12 ቮልቷ ተነቅላ ነበር ማለት ነው፤ ሻጩን ጠይቁት።

አንዷን ሞጁል ብቻ ማስቀየር

ርካሽ ነው፣ ይፈትናል። ግን ሌሎቹ 27ቱ እኩል አርጅተዋል፣ አዲሷ ከእነሱ ጋር አትመጣጠንም፣ ብዙም ሳይቆይ ሌላዋ ትከተላለች። በመኪና ለሚሠራ ሰው በየጊዜው ሥራ መቆም ከባትሪው ዋጋ ይበልጣል። ራሳችሁ ቤት ውስጥ መክፈትም አይሞከር፤ ከ200 ቮልት በላይ ይገድላል።

ዋስትናውን ሳያዩ መክፈል

አሜሪካ ውስጥ ቶዮታ ለሃይብሪድ ባትሪ የሚሰጠው ዋስትና በአብዛኛው 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነበር፣ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ሆኗል፣ ቀድሞ የሚሞላው ነው የሚቆጠረው። እስከ 2015 ያሉት ሞዴሎች ዓመቱ አልፎባቸዋል፤ ይህ ምክር ከዚያ ወዲህ የተሠራ ፕሪየስ ላለው ነው። ኡበር የሚሠራ ሰው ማይሉን ከዓመቱ በፊት ነው የሚጨርሰው። ስለዚህ ባሮቹ መዝለል ከጀመሩና ማይሉ ወደ ገደቡ ከተቃረበ ቀጠሮ አታዘግዩ፤ ዲለሩ ጋ ሂዱ፣ ምልክቱን ንገሯቸው፣ ያያችሁት ነገርና የዚያን ቀን ማይል የተጻፈበትን ወረቀት ሳትይዙ አትውጡ።