ፕሌይስቴሽን ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ሲዲዎቹን ቁጠሩ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ እትዬ ከገበያ ሲመለሱ በር ላይ አገኙኝ። ዘንቢላቸውን መሬት አስቀመጡና "ለልጄ ፕሌይስቴሽን ልገዛለት ነው። ፒኤስ 5 ነው ብለው ሁለት ዓይነት አሳዩኝ፤ አንዱ ዋጋው ቀለል ይላል። ለመሆኑ የድሮውን ሲዲ ይቀበላል?" አሉኝ።

እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ደስ ይለኛል። ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስንት ጊጋ እንደሆነና መጨረሻ ዋጋውን ነው። የድሮ ጌም ነገር ትዝ የሚለው ብሩ ከተከፈለ በኋላ ነው።

እኔ እዚህ ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ለስድስት ዓመት ጌም ቤት ነበረኝ። ሁለት ቴሌቪዥን፣ አራት ጆይስቲክ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ። በፒኤስ 2 ጀምሬ ወደ ፒኤስ 3 አደግሁ። ፒኤስ 4 ልገዛ ስሄድ ሻጩን "የፒኤስ 3 ሲዲዎቼን ያጫውታል?" አልኩት። "ሁሉንም ያጫውታል ወንድሜ፣ ምንም አታስብ" አለኝ። አመንኩት።

ቤት ገብቼ የብስኩት ካርቶኑን ከፈትኩ። አርባ የፒኤስ 3 ሲዲ ነበረኝ። የመጀመሪያውን ከተትኩ። ማሽኑ ዋጠው፣ ትንሽ ጉርር አለ፣ ከዚያ ዲስኩን እንደማያውቀው የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣ። አውጥቼ በሸሚዜ ጫፍ ጠርጌ መለስኩት። ያው ነው። ሁለተኛውን ሞከርኩ፣ ሦስተኛውን ሞከርኩ። ልጆቹ ሳንቲማቸውን ይዘው በር ላይ ይጠብቃሉ። አዲስ ማሽን አለኝ፤ የማጫውተው ግን አንድም ጌም የለኝም። ያን ቀን መልሼ ፒኤስ 3ቱን ሰካሁ።

ነገሩ በኋላ ገባኝ። የፒኤስ 3 እና የፒኤስ 4 ሲዲ መልካቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ብሉሬይ ናቸው። የሚለያየው የማሽኑ አንጎል ነው። ፒኤስ 3 ሶኒ ከቶሺባና ከአይቢኤም ጋር የሠራው "ሴል" የሚባል ቺፕ አለው። ከማንም ጋር የማይገጥም ለብቻው የሆነ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ፒኤስ 4 ግን ኮምፒውተር ላይ ከምናውቀው ጋር የሚቀራረብ የኤኤምዲ ቺፕ ይዞ መጣ። ለሴል የተጻፈ ጌም እዚያ ላይ አይነሳም። በ2020 የወጣው ፒኤስ 5ም ኤኤምዲ ነው፤ ለዚህ ነው ከፒኤስ 4 ጌሞች በጣት ከሚቆጠሩት በቀር ሁሉንም የሚያጫውተው። የፒኤስ 3፣ የፒኤስ 2 እና የፒኤስ 1 ሲዲ ግን አይቀበልም። ሻጭ ሌላ ቢላችሁ አትስሙት።

እና ማሽኑ የድሮ ሲዲ መቀበል አለመቀበሉ ያሳስባል ወይስ አያሳስብም? እንደ ሲዲው ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩ። የእናንተን ብቻ ሳይሆን የሰፈሩን ቁጠሩ። ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። እኛ አገር ጌም በአብዛኛው በውሰት ነው የሚዞረው። ታቦር ግርጌ ያለው የአክስት ልጅ ሦስት አለው፣ የክፍል ጓደኛው ሁለት አለው፣ አንዱ ተጫውቶ ሲሰለቸው ለሌላው በቅናሽ ይሸጣል። አንድም ሲዲ የሌለው ልጅ ሳይቀር በዚህ ዙር ውስጥ ከገባ ዓመቱን ሙሉ አዲስ ጌም ሳይገዛ ይጫወታል። ዙሩ ውስጥ ያለው የፒኤስ 4 ሲዲ ከሆነ፣ የፒኤስ 4 ሲዲ የማይበላ ማሽን ልጁን ከጓደኞቹ ይለየዋል።

ስትቆጥሩ ማቀፊያውን እዩ። የፒኤስ 3 ማቀፊያ ነጣ ያለ፣ የሚያሳይ ፕላስቲክ ነው። የፒኤስ 4 ሰማያዊ ነው። የፒኤስ 5 ማቀፊያ ከላይ ነጭ መስመር አለው። ማቀፊያው ከጠፋ ሲዲው ላይ ራሱ ተጽፏል። በሦስት ክምር ለዩአቸው። የፒኤስ 4 ክምር ትልቅ ከሆነ ፒኤስ 5 ይጠቅማችኋል። የፒኤስ 3 ክምር ከበለጠ ግን አዲስ ማሽን አያድናችሁም፤ ፒኤስ 3ቱን አትሽጡት። ሲሸጥ የሚያወጣው ብር ትንሽ ነው፤ አርባውን ሲዲ ግን ሌላ ማሽን አያነሳላችሁም።

አሁን ወደ እትዬ ጥያቄ ልመለስ። ያሳዩአቸው ሁለቱም ፒኤስ 5 ናቸው፤ ሁለቱም በስም የፒኤስ 4 ጌም ያጫውታሉ። ዋጋው ቀለል ያለው ግን ሲዲ ማስገቢያ የለውም። ዲጂታል የሚሉት ነው። እሱ ላይ የድሮ ጌም የሚሠራው በኢንተርኔት በአካውንታችሁ ካገኛችሁት ብቻ ነው። የተዋሳችሁትን ሲዲ የምትከቱበት ቀዳዳ የለም። "የድሮውን ይቀበላል" የሚለው ቃል ውሸት አይደለም፤ ለእኛ ኑሮ ግን ምንም አይፈይድም። ፒኤስ 5 ፕሮም ሲዲ ማስገቢያ ሳይኖረው ነው የሚሸጠው። ማሽኑ ውድ ስለሆነ ሁሉ ነገር አለው ብላችሁ እንዳትገምቱ።

ለማስታወስ ያህል፣ በ2006 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ባለ 20 እና ባለ 60 ጊጋ ፒኤስ 3ዎች የፒኤስ 2 ቺፕ ውስጣቸው ነበር። በኋላ የመጡት ላይ ግን ተነሳ። ስሙ ያው ፒኤስ 3 ነው፣ የሚያጫውተው ግን ሌላ። ስለዚህ ሁልጊዜ የማሽኑን ስም ሳይሆን የትኛው ሞዴል እንደሆነ ጠይቁ።

ከ2023 መጨረሻ ወዲህ የመጣው ቀጭኑ ፒኤስ 5 ላይ ሲዲ ማስገቢያው ተነቃይ ነው። ለብቻው ገዝታችሁ መግጠም ትችላላችሁ። ነገር ግን መጀመሪያ ሲገጠም ኢንተርኔት ይፈልጋል። በስልካችሁ ሆትስፖት ይሆናል። ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ አስገጥሙት፤ ቤት ሄደን እናየዋለን አትበሉ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ሰዎች በጣም የሚሳሳቱበት ነው። እኔ የማውቃቸው ብዙ የፒኤስ 4 ባለቤቶች ማሽናቸው ጄይልብሬክ የተደረገ፣ ማለትም ያልተገዛ ጌም እንዲቀበል ቁልፉ የተሰበረ ነው። ሃያ ሠላሳ ጌም በሃርድ ዲስክ ተጭኖላቸዋል። "ሃርድ ዲስኩን ነቅዬ ፒኤስ 5 ላይ እሰካለሁ" ይላሉ። አይሆንም። ያ ጌም በእናንተ አካውንት የተገዛ ስላልሆነ አዲሱ ማሽን አይከፍተውም። ሃርድ ዲስክ ላይ ያለውን አትቁጠሩት፤ ዜሮ ነው። ማሽናችሁ ንጹሕ ከሆነ ግን ነገሩ በጣም ቀላል ነው። ለፒኤስ 4 የምትጠቀሙበትን የውጭ ሃርድ ዲስክ ፒኤስ 5 ላይ ስትሰኩት ያውቀዋል፣ ጌሞቹም ከዚያው ላይ ይሠራሉ። የሲዲ ጌም ከሆነ ሲዲው መግባት አለበት። ሴቭ ያደረጋችሁትን፣ ማለትም ጌሙ ውስጥ የደረሳችሁበትንም በፍላሽ ማዛወር ትችላላችሁ። ልጅ ወራት የደከመበትን ሴቭ ማጣት ቀላል ሐዘን አይደለም፤ አይቻለሁ።

ጆይስቲክ ላይም የሚተርፍ ብር አለ። የፒኤስ 4 ጆይስቲክ ፒኤስ 5 ላይ የፒኤስ 4 ጌም ያጫውታል። የፒኤስ 5 ጌም አያጫውትም። እኛ ሰፈር ጌም ማለት በዋናነት ኳስ ነው፤ ስሙ ኤፍሲ ከሆነ ቢቆይም ሁሉም ሰው አሁንም ፊፋ ነው የሚለው። ኤፍሲ 25 ለፒኤስ 4ም ለፒኤስ 5ም ወጥቷል። የፒኤስ 4ቱን ሲዲ ከከተታችሁ አንዱ በአዲሱ፣ ሌላው በአሮጌው ጆይስቲክ መጫወት ትችላላችሁ። ሥዕሉ የፒኤስ 5ቱን አያህልም። ሁለት ወንድማማቾች ግን ተራ ሳይጠብቁ ይጫወታሉ፤ ሁለተኛ ጆይስቲክ እስኪገዛ ድረስ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ኤክስቦክስ ለሚያስብ ሰው አጭር ቃል። በአሮጌ ጌም ከሁሉም የተሻለው ሲሪስ ኤክስ ነው፤ የኤክስቦክስ ዋንን፣ እንዲሁም የተመረጡ የ360 እና የመጀመሪያውን ኤክስቦክስ ጌሞች ይቀበላል። ግን የ360 ሲዲ ስትከቱ ጌሙን ከሲዲው አይደለም የሚጭነው፤ ከኢንተርኔት ያወርደዋል። የዳታ ወጪውን አብራችሁ አስቡ። ሲሪስ ኤስ ሲዲ ማስገቢያ የለውም። ኒንቴንዶ ስዊች 2 ደግሞ የፊተኛውን ስዊች ካርዶች ከሞላ ጎደል ይቀበላል፤ እዚህ ሐዋሳ ግን ካርዱን የሚያውሳችሁ ሰው መኖሩን አስቀድማችሁ አጣሩ።

ከሁሉም በላይ ግን ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ሲዲ ይዛችሁ ሂዱ። የሻጩን ሲዲ ሳይሆን ቤት የምትጫወቱበትን። ቴሌቪዥን ላይ አስሰኩት፣ ክተቱት፣ ጌሙ ተከፍቶ እስክትጫወቱ ድረስ ብር አትክፈሉ። አውጥታችሁ ደግማችሁ ክተቱ። ያገለገለ ማሽን ከሆነ ሲዲ ሲውጥና ሲተፋ ድምፁን ስሙ፤ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ተዉት። መብራት እንዳይሄድባችሁ ጠዋት ሂዱ።

ከእትዬ ጋር ስንቆጥር ልጁ የራሱ ሲዲ አልነበረውም። የአጎቱ ልጅና ሁለት ጓደኞቹ ግን በድምሩ አሥራ አንድ የፒኤስ 4 ሲዲ አላቸው። ስለዚህ ባለ ሲዲ ማስገቢያው ይሁን አልን። ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን ባጃጅ ይዘን ፒያሳ ሄድን። ልጁ የተዋሰውን ሲዲ በደብተሩ መሐል ይዞ ነበር። ሻጩ ሰካው። ማሽኑ ሲዲውን ሳበውና መጫን ጀመረ። እትዬ "ተበላሸ እንዴ?" አሉ። "አይ፣ እየገለበጠ ነው፣ ይጠብቁ" አልኳቸው። ልጁ ስክሪኑ ላይ ተጠግቶ መስመሩ ሲሞላ እያየ ነው። ሜዳው ሲመጣ እናቱን ቀና ብሎ አያቸው። እትዬም የመቀነታቸውን ቋጠሮ መፍታት ጀመሩ።