ኢንዴክስ እያለ የሚንቀራፈፍ ሪፖርት፦ ችግሩና መፍትሄው

ሰርቨሩ እንደሚሠራ፣ ዲስኩ እንዳልሞላና ኔትወርኩ ደህና እንደሆነ አይታችኋል ብዬ ልጀምር። የምጽፈው ፖስትግሬስና ማይኤስኪውኤል በሚባሉት ዳታቤዞች ላይ ደጋግሞ ስለሚገጥመኝ ነገር ነው፦ ኢንዴክስ (ረድፎችን ቶሎ ለማግኘት የሚሠራ ማውጫ) እያለ ሪፖርቱ ይንቀራፈፋል።

ቶሎ የሚያልቁትን እናስቀድም። ሲስተሙ በአንዴ ቀጥ ብሎ ሲፒዩው ግን ሥራ ከፈታ፣ ብዙ ጊዜ ሎክ ነው፤ አንዱ ሥራ የያዘውን ዳታ ሌላው እየጠበቀ ነው። ትራንዛክሽን (በአንድ ላይ የሚጸድቅ ሥራ) ከፍቶ ኮሚት ሳያደርግ፣ ማለትም ሳያጸድቅ፣ የተወውን ፈልጉ። ብዙ ዳታ ከተጫነ በኋላ የዘገየ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ካለ፣ ስታቲስቲክሱን የሚያድሰውን አናላይዝ አስነሱ፤ ዳታቤዙ በአሮጌ ስታቲስቲክስ እየገመተ ነው። እያንዳንዱ ኩዌሪ ፈጣን ሆኖ ገጹ ብቻ ከዘገየ፣ ፕሮግራሙ በሉፕ ውስጥ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ለየብቻ እየጠየቀ ሊሆን ይችላል። ቴብሎችን (ሰንጠረዦችን) በሚያያይዘው ጆይን አንዴ አምጡት።

አሁን ወደ ዋናው። ሲስተሙ አዲስ ሳለ ይበራል። ዳታው እያደገ ሲሄድ ያዘግማል፤ በመጨረሻ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ «ሲስተም የለም» ማለት ይጀምራል። ኢንዴክስ ተሠርቷል። ኤክስፕሌይን (ዳታቤዙ ኩዌሪውን እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳየው ትእዛዝ) ስታደርጉ ግን ፖስትግሬስ «ሴክ ስካን» ይላል፤ ማይኤስኪውኤል ደግሞ ታይፕ በሚለው ሥር «ኦል» ይላል። ቴብሉን ከላይ እስከ ታች እያነበበ ነው ማለት ነው።

መንስኤው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ዌር (የኩዌሪው ማጣሪያ) ውስጥ ኮለሙ (የቴብሉ ዓምድ) በፈንክሽን (ዋጋውን በሚቀይር ስሌት) ተጠቅልሏል። ኢንዴክሱ የሚያውቀው የኮለሙን ዋጋ እንዳለ ነው፤ ፈንክሽኑ የሚያወጣውን አያውቅም። ስለዚህ ዳታቤዙ እያንዳንዱን ረድፍ አውጥቶ ያሰላል።

እኛ ዘንድ ይህን ከሁሉ በላይ የሚያመጣው የቀን አቆጣጠር ነው። ፋይናንስ ክፍሉ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ይጠይቃል። ዳታው የተቀመጠው በፈረንጅ ቀን ነው። ፕሮግራመሩ ቀን ቀያሪ ፈንክሽን ይጽፍና ኮለሙ ላይ ያለብሰዋል። አንድ የቁጠባ ማኅበር ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛዋ ሪፖርቱን አስነስታ ምሳ ትወጣ ነበር። ሲስተሙን የሸጡላቸው ሰዎች «ራም ጨምሩ» ብለዋቸው ጨምረዋል። ምንም አልተለወጠም። የአባላት ቁጠባ ነው በከንቱ የወጣው፤ ኤክስፕሌይን ሳያዩ ዕቃ የሚያስገዙ ሰዎች በጣም ያናድዱኛል። ፈንክሽኑ ለእያንዳንዱ ረድፍ ይጠራ ነበር። መቀየር የነበረባቸው ግን ሁለት ቀኖች ብቻ ናቸው፤ መነሻውና መድረሻው።

መፍትሄው ኮለሙን ሳይነኩ የተጠየቀውን ቀን መቀየር ነው። የ2017 በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን 2016 ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ ጁላይ 8 ቀን 2024። ስለዚህ ቀኑ ከጁላይ 8 ቀን 2024 ጀምሮ፣ ከጁላይ 8 ቀን 2025 በታች በሉት። ከዚህ እስከዚህ የሚለውን ቢትዊን አትጠቀሙ። ኮለሙ ሰዓትም የሚይዝ ከሆነ የሰኔ 30 ግብይት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ሁሉ ይቀርባችኋል፤ ያ ደግሞ የዓመት መዝጊያው ቀን ነው። ሐምሌ 1 በዚህ ክፍለ ዘመን ሁሌም ጁላይ 8 ነው። መስከረም 1 ግን ጳጉሜን 6 ስትሆን ወደ ሴፕቴምበር 12 ይገፋል፤ ኮድ ውስጥ አትቸክሉት። እባካችሁ ደግሞ ቀንን በቴክስት ኮለም አታስቀምጡ። «12/11/2016» ብሎ የተጻፈ ቀን በትክክል አይደረደርም፤ እሱን ለማስተካከል ተብሎ ሌላ ፈንክሽን ይለብሳል።

ሁለተኛው መንስኤ ስም ነው። ፀሐይ፣ ጸሃይ፣ ፀሀይ፤ ሦስቱም አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ለማስታረቅ ፕሮግራመሩ ፊደል የሚተካውን ፈንክሽን፣ ሪፕሌስ በሪፕሌስ ላይ ይደራርባል። አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ይህንን አይቻለሁ፤ ሕመምተኞች ቆመው ካርዳቸው ይፈለግ ነበር። የተስተካከለውን ስም በራሱ ኮለም አስቀምጡት። ፖስትግሬስ ከ12ኛው እትም፣ ማይኤስኪውኤል ከ5.7 ጀምሮ ጀነሬትድ ኮለም (ዳታቤዙ ራሱ አስልቶ የሚሞላው ኮለም) አላቸው። ኢንዴክሱን እዚያ ላይ ሥሩ፤ ተጠቃሚው የጻፈውንም በዚያው ደንብ አስተካክሉት። በከፊል ስም የሚፈልገውን ላይክ ስትጠቀሙ ከፊደሉ በፊት % ካስገባችሁ ተራው ኢንዴክስ እንደገና ከጨዋታ ውጭ ነው።

ሦስተኛው ስልክ ቁጥር ነው፤ ከሁለቱ ማይኤስኪውኤል ላይ ብቻ ያስቸግራል። ኮለሙ ቫርቻር (የጽሑፍ ዓይነት) ሆኖ ቁጥሩ ያለ ትእምርተ ጥቅስ ከተጠየቀ፣ ኢንዴክሱ አይሠራም። ጥቅሱን ጨምሩ።

ከመንካታችሁ በፊት ግን፦ ኤክስፕሌይን አናላይዝ ኩዌሪውን በእውነት ያስኬደዋል። ዲሊት ላይ ካስነሳችሁት ይሰርዛል! በትራንዛክሽን ውስጥ አድርጋችሁ ሮልባክ (የተደረገውን መልስ) በሉ። ፖስትግሬስ ላይ በሥራ ሰዓት ኢንዴክስ ስትሠሩ ኮንከረንትሊ የሚለውን ጨምሩ፤ ያለሱ ቴብሉ ላይ መጻፍ ይቆማል። መሃል ላይ ከከሸፈ ኢንቫሊድ ኢንዴክስ ትቶ ይሄዳል፤ አጥፉትና እንደገና ሥሩ። በየኮለሙ ኢንዴክስ አትደርድሩ፤ እያንዳንዱ ኢንሰርት (አዲስ ረድፍ ማስገባት) ዋጋውን ይከፍላል።

ሙከራውን እውነተኛውን ዳታ በሚያህል ቴብል ላይ አድርጉት። ትንሽ ቴብል ላይ ዳታቤዙ ኢንዴክሱን ቢተወው ልክ ነው፤ ከቴብሉ አብዛኛውን የሚጠይቅ ኩዌሪ ላይም እንዲሁ። ጥቂት ረድፍ ጠይቃችሁ ትልቁ ቴብል ላይ አሁንም «ሴክ ስካን» ካያችሁ፣ ዌር ውስጥ የቀረ የተጠቀለለ ኮለም ፈልጉ።