የአንድ ሰዓት የዮጋ ክላስ እንዴት ይታቀዳል? ከከባዱ አቋም ወደ ኋላ መሥራት

ብዙ ጀማሪ አስተማሪ የሚወዳቸውን አቋሞች በወረቀት ደርድሮ ክላስ ይገባል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ተማሪው ጉልበቱን ያሻል፣ አስተማሪው ሰዓት ያያል። ችግሩ የአቋሞቹ ማነስ አይደለም፤ የዛሬው ክላስ ወዴት እንደሚሄድ አለመታወቁ ነው። ስለዚህ እቅዱን ከከባዱ አቋም ጀምረው ወደ ኋላ ይሥሩ፤ በመጨረሻም ለሚያስተምሩበት ቦታ፣ እዚህ ለጅማ፣ ያስማሙት።

ደረጃ 1፦ ከባዱን አቋም ይምረጡ

ለአንድ ክላስ አንድ ይበቃል። የግመል አቋምን (ኡሽትራሳና) እንውሰድ፦ ተንበርክኮ ደረትን ከፍቶ ወደ ኋላ መለጠጥ። ይህ አቋም ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ብሽሽትና የጭን ፊት እንዲፍታታ፣ የላይኛው ጀርባ ወደ ኋላ እንዲታጠፍ፣ ትከሻ እንዲከፈት። ከእያንዳንዱ ትይዩ ለእሱ የሚያዘጋጀውን ቀላል አቋም ይጻፉ። ለብሽሽት አንዱን ጉልበት መሬት አስነክቶ ሌላውን እግር ወደ ፊት አውጥቶ ጉልበቱን ማጠፍ (አንጃኔያሳና) እና የመጀመሪያው የጀግና አቋም (ቪራባድራሳና 1፦ ቆሞ የፊቱን ጉልበት አጥፎ እጅን ወደ ላይ ማንሳት)፤ ለጀርባ በሆድ ተኝተው ደረት የሚያነሱባቸው እባብ (ቡጃንጋሳና) እና አንበጣ (ሻላባሳና)፤ ለትከሻ እጅን ከኋላ አቆላልፎ መሳብ። የክላሱ ግማሽ ተጻፈ ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ደቂቃውን ያከፋፍሉ

መቀመጥና ትንፋሽ ማረጋጋት 5፣ ማሟሟቂያ 8፣ የፀሐይ ሰላምታ (ሱርያ ናማስካር፦ ከትንፋሽ ጋር የሚደጋገም የመጎንበስና የመነሳት ሰንሰለት) 10፣ የቁም አቋሞች 16፣ ከባዱ አቋም 6፣ ማቀዝቀዣ 8፣ ሳቫሳና (በጀርባ ተኝቶ ማረፍ) 7፤ ድምር 60 ደቂቃ።

የቁም አቋም በአንድ ጎን 5 ትንፋሽ ቢያዝ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ነው። ሁለቱ ጎኖች፣ መግቢያው፣ መውጫውና ማብራሪያው ሲጨመሩ ግን 2 ደቂቃ ይበላል። በ16 ደቂቃ ስምንት ይገባል፤ ለጀማሪዎች ስድስት ይጻፉ፣ ምክንያቱም ማብራሪያ ሁልጊዜ ካሰቡት ይረዝማል።

ደረጃ 3፦ ቅደም ተከተሉን ያስተካክሉ

ተማሪን እያነሱ እያስቀመጡ አያድክሙ፤ የቁሙን ጨርሰው ወደ ሆድ፣ ከዚያ ወደ ጉልበት፣ በመጨረሻ ወደ ጀርባ ይውረዱ። ዳሌ ወደ ፊት የሚያይባቸውን (እንደ መጀመሪያው የጀግና አቋም) አንድ ላይ፣ ዳሌ ወደ ጎን የሚከፈትባቸውን (ሁለተኛው የጀግና አቋምና ሦስት ማዕዘን፣ ማለትም እግር ከፍቶ ወደ ጎን ማጋደል) ሌላ ቦታ ያሰባስቡ። በሁለቱ መሀል መመላለስ ጉልበትን ሊጠመዝዝ ይችላል፤ ተማሪው የሚያሸው እሱን ነው።

በወረቀቱ ላይ ከእያንዳንዱ አቋም ጎን «ቀ» እና «ግ» ጽፈው ሲጨርሱ ምልክት ያድርጉ። ግራውን መርሳት የማይደርስበት አስተማሪ የለም። ፊትዎን ወደ ተማሪው አዙረው የሚያሳዩ ከሆነ ደግሞ «ቀኝ» እያሉ የራስዎን ግራ ያንሱ።

ደረጃ 4፦ ከባዱ አቋምና ማቀዝቀዣው

ግመልን ሦስት ጊዜ ያሠሩ። መጀመሪያ እጅ ወገብ ላይ፣ ቀጥሎ የእግር ጣቶች ታጥፈው ተረከዝ ከፍ ብሎ እጅ ተረከዝ ላይ፣ ሦስተኛው ለቻለ ብቻ የእግር ጀርባ መሬት ላይ ተኝቶ። ጉልበቶች የዳሌ ስፋት ያህል ይራራቁ። ከጎን ቆመው ጭኑን ይመልከቱ፤ ወደ ኋላ ካዘነበለ ብሽሽቱ አልተፍታታም፣ ሸክሙም ታችኛው ወገብ ላይ ወድቋል። ሰውነት ከጠነከረው ሳይሆን ከላላው ቦታ ነውና የሚበደረው። አንገትን ወደ ኋላ መጣልም ያው ነው፤ አገጭ ትንሽ ገባ ይበል።

ከዚያ ወዲያው ወደ ፊት ማጠፍ የለም። ቀጥ ብሎ ተንበርክኮ ሦስት ትንፋሽ፣ ተረከዝ ላይ መቀመጥ፣ ለስላሳ ጥምዝ፣ ከዚያ የሕፃን አቋም (ባላሳና)። ሱጁድ ወይም ስግደት ለለመደ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ግንባር መሬት ማስነካትን ያውቀዋል።

ደረጃ 5፦ ለጅማ ያስማሙት

ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ሁለት ሜትር ላይ ያለ ተማሪ እንኳ ድምፅዎን አይሰማም። የከሰዓት ክላስ ከሆነ አዳዲስ አቋሞችን ይቀንሱና አንድ የአምስት አቋም ሰንሰለት ሦስት ጊዜ ይድገሙ፦ አንዴ በማብራሪያ፣ አንዴ በትንፋሽ ቆጠራ፣ አንዴ እያሳዩ ብቻ። ለሳቫሳና ከመተኛታቸው በፊትም ማብቂያውን በምን እንደሚያውቁት ይንገሯቸው፤ መጋረጃ መክፈት ይበቃል።

ሲሚንቶው ቀዝቃዛ ነው። ለግመል ጋቢ አራት አጥፈው ከጉልበት በታች ያንጥፉ፤ ለሳቫሳና ያው ጋቢ ይለበሳል። ማሰሪያ ከሌለ ነጠላ እግር ላይ ጠምጥመው ይሳቡ። የጅማ ባለሦስት እግር በርጩማ በሦስት ማዕዘን አቋም እጅ ለማሳረፍ ይሆናል፤ ጫፉን ከተደገፉት ግን ይገለበጣል፣ እጅ መሀሉ ላይ ይሁን።

የምሽቱን ክላስ ከ11 እስከ 12 ሰዓት ቢያደርጉት መግሪብ አያልፍም። በጾም ቀናትና በረመዳን ባዶ ሆዱን የሚመጣ ይበዛል፤ የፀሐይ ሰላምታውን ከአራት ዙር ወደ ሁለት ያውርዱ፣ ከጎንበስ ሲነሱም ጉልበት አጥፈው መሀል ላይ አንድ ትንፋሽ ይቁሙ፤ ቶሎ መነሳት ያዞራል። ነፍሰ ጡር ካለች እባብንና አንበጣን ይዝለሉላት፣ ጥልቅ ጥምዝ አይስጧት፤ ለሳቫሳና በግራ ጎኗ ትተኛ።

ሰዓት ካጠረብዎ ከቁም አቋሞቹ ሁለቱን ይሰርዙ። ለግመል የሚያዘጋጁትን ግን አይንኩ፣ ሳቫሳናንም እንዲሁ።