ሰማዩ ይቆይ፣ መጀመሪያ ድንጋዩን

በእሳተ ገሞራ ምድረ በዳ የሌሊት ሰማይ ፎቶ ለማንሳት የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ከዋክብቱ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ድንጋዩ ነው። ከከተማ መብራት የራቀ ደረቅ ሰማይ ለማንም እሺ ይላል። ባዛልት የሚባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ግን ያረፈበትን ብርሃን አብዛኛውን ይውጠዋል፤ ከዋክብቱ ደምቀው ሲወጡ የድንጋዩ ዐምድ ቅርጽ አልባ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። ከተጠቀጠቀ የእሳተ ገሞራ አመድ የተፈጠረው ነጣ ያለ ድንጋይ ከዚህ ይሻላል።

መፍትሔው ጨረቃ ናት። የተለመደው ምክር ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ምረጡ የሚል ነው፤ እኔ ከተወለደች 4 ቀን የሆናትን ጨረቃ እመርጣለሁ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ 3 ሰዓት ያህል በምዕራብ በኩል ቆይታ ትጠልቃለች። ካሜራችሁን ወደ ደቡብ ስታዞሩ ብርሃኗ ከቀኝ መጥቶ የድንጋዩን ገጽ እየታከከ ያልፋል። ያን ጊዜ ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱት፤ ቅልጡ አለት ሲቀዘቅዝ ጋዝ የፈጠራቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች በአንድ ጠርዛቸው ብርሃን፣ በሌላው ጥላ ይዘው አንድ በአንድ ይለያሉ። ከካሜራው ጀርባ የእጅ ባትሪ ብታበሩ ይህ ሁሉ ጠፍቶ ድንጋዩ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ልሙጥ ይሆናል። ባትሪ ግድ ከሆነ ከጎን፣ ራቅ ብላችሁ፣ በስስ ጨርቅ ሸፍናችሁ አብሩ።

ጨረቃዋ ሳትጠልቅ ድንጋዩን አንሱ፦ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 800፣ አፐርቸር (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) ኤፍ 2.8፣ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ። ከዚያ ባለሦስት እግር መቆሚያውን ንክች ሳታደርጉ ጠብቁ። ጨረቃዋ ጠልቃ ሰማዩ ሲጨልም በአይኤስኦ 3200 ለ15 ሰከንድ ሰማዩን አንሱና ሁለቱን በኮምፒውተር አዋህዱ። ይህን ማታለል ነው የሚሉ አሉ። ድንጋዩም ሰማዩም በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ስፍራ የነበሩ ናቸውና እኔን አይከብደኝም።

ለምን 15 ሰከንድ? ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ይዞራል። 500ን ለሌንሱ ሚሊሜትር ማካፈል የሚለው የቆየ ስሌት ለ20 ሚሊሜትር ሌንስ 25 ሰከንድ ይፈቅዳል፤ ፎቶው ሲጎላ ግን ኮከቡ ሰረዝ ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ 15 ላይ እቆማለሁ።

የፍኖተ ሐሊብ፣ ማለትም ሰማዩን የሚያቋርጠው ነጣ ያለ የከዋክብት መቀነት፣ ደማቁ ክፍል ቀውስ (ሳጂታሪየስ) በሚባለው የከዋክብት ስብስብ አቅጣጫ ነው። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ላለ ሰው ከሰኔ እስከ ነሐሴ በምሽቱ ክፍል በደቡብ በኩል ይገኛል፤ ጨረቃዋን ከቀኝ ያደረግነውም ለዚሁ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ራሷ በዚያ አቅጣጫ ስለምትሆን አትልፉ።

ፎከሱን ለካሜራው አትተዉለት፤ በጨለማ ይዋልላል። አውቶማቲኩን አጥፉና አቅራብ (ስኮርፒየስ) በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለውን ቀላ ያለ ኮከብ አንታሬስን በስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ፣ ነጥቡ እስኪያንስ ድረስ ቀለበቱን በእጃችሁ አዙሩ። እዚያ ላይ በፕላስተር እሰሩት። በ20 ሚሊሜትርና በኤፍ 2.8 እንዲህ ስታደርጉ ከ5 ሜትር የቀረበ ነገር መደብዘዝ ይጀምራልና ከድንጋዩ ራቅ ብላችሁ ቁሙ።

ስፍራውን በቀን ሳያዩ በሌሊት መግባት ድፍረት ሳይሆን ሞኝነት ነው። የረጋ ቅልጥ አለት ጫማ ይቆርጣል፤ አንዳንዱ ቅርፊት ከሥሩ ባዶ ስለሆነ ይደረመሳል። ጊንጥም በድንጋይ ሥር ይውላልና እጃችሁን ያላያችሁት ስንጥቅ ውስጥ አታስገቡ። መቆሚያውን የምትተክሉበትን ቦታ በቀን ምልክት አድርጉበት። ሌሊት ቀይ መብራት ብቻ ያዙ፤ ዐይን ጨለማውን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ አንድ ነጭ ብልጭታ ያን ሁሉ ያፈርሰዋል።

ጥቁር ድንጋይ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ምሽት ላይ ይመልሰዋል። የካሜራው ውስጥም ይሞቃል፤ የሞቀ ካሜራ በረጅም ፎቶ ላይ ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣብ ይረጫል። ስለዚህ ድንጋዩን እንዳነሳችሁ፣ ካሜራው ሳይቀዘቅዝ፣ ሌንሱን ከድናችሁ በዚያው አይኤስኦና በዚያው ደቂቃ አንድ ጥቁር ፎቶ አንሱ። በኮምፒውተር ከዋናው ላይ ሲቀነስ ነጠብጣቡን ይዞ ይሄዳል።