አንቲቫይረስ ሳያጠፉ ጌም ማፍጠን

አዳማ ላይ ጌም ብዙውን ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚዞረው። አንዱ ከጓደኛው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይገለብጣል፣ ሌላው ሱቅ ሄዶ በፍላሽ ያስጭናል፣ ዶርም ውስጥ ደግሞ አንድ ፎልደር ከላፕቶፕ ላፕቶፕ ሲዞር ይከርማል። ከጌሙ ጋር «አንቲቫይረሱን አጥፋው፣ ይፈጥንልሃል» የሚል ምክርም አብሮ ይዞራል። ፋይል እንዲህ በሚዞርበት ከተማ ከዚህ የባሰ ምክር የለም። አንቲቫይረስ ጌምን የሚያዘገይበት ቦታ የታወቀ ስለሆነ፣ ያንን ቦታ ብቻ ነጥሎ ማስተካከል ይቻላል።

ጫናው የሚፈጠረው ፋይል በሚከፈትበት ቅጽበት ነው። ጌሙ አንድ ፋይል ከዲስክ ሊያነብ ሲል አንቲቫይረሱ መሀል ገብቶ ይፈትሽና ያሳልፋል። ስለዚህ መዘግየቱ የሚታየው ጌሙ ሲከፈት፣ ማፕ ሲጫን፣ ሰፊ ከተማ ባላቸው ጌሞች ደግሞ መኪና እየነዳችሁ አዲስ ሰፈር ስትገቡ ነው። የኳስ ጌም ግን አንዴ ግጥሚያው ከተጀመረ የሚያስፈልገው ነገር በአብዛኛው ራም ውስጥ ስለገባ፣ አማካይ ኤፍፒኤሱ (በሴኮንድ የሚታየው የምስል ብዛት) እምብዛም አይነካም። ዲስኩም ለውጥ ያመጣል። የቆየው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ጌሙንና ፍተሻውን በአንድ ጊዜ ማስተናገድ ያቅተዋል፤ መርፌው ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ሲመላለስ የዲስኩ ሥራ መቶ በመቶ ይደርስና ጌሙ ስታክ ያደርጋል። ኤስኤስዲ ላይ ይኸው ፍተሻ ብዙም አይታወቅም። ገንዘብ ካለ፣ የትኛውም ሴቲንግ ከማሳደድ በፊት ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መቀየር ይሻላል።

ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ግን ጥፋተኛውን ለዩ። ጌሙ ስታክ ሲያደርግ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ዲስክ» የሚለውን ርዕስ ስትጫኑ ብዙ የሚጠቀመው ወደ ላይ ይመጣል፤ «ሲፒዩ» ላይም ያንኑ አድርጉ። «አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክስኪውተብል» የሚለው ስም ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው አንቲቫይረስ፣ የዊንዶውስ ዲፌንደር ሞተር ነው። እሱ ላይኛው መስመር ላይ ተቀምጦ ደቂቃዎች ካለፉ፣ ፍተሻ ላይ ነው ማለት ነው። ከዝርዝሩ ታች ከሆነ ግን አንቲቫይረሱን ተዉትና ሌላ ምክንያት ፈልጉ።

የአዳማ ሙቀት ሌላው ምክንያት ነው፤ ብዙ ጊዜም ጥፋቱ በአንቲቫይረሱ ይላከካል። የዊንዶውስን ቁልፍና ጂን አንድ ላይ ስትጫኑ ጌም ባር ይከፈታል፤ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ሳጥን ስክሪኑ ላይ አስቀምጡትና ኤፍፒኤሱን ተከታተሉ። ጌሙ መጀመሪያ ጥሩ ሄዶ ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ወርዶ እዚያው ከቀረ፣ ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት ነው። ብዙ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። አቧራ የጠጣ ፋን ማጽዳት፣ የደረቀ ቴርማል ፔስት መቀየር፣ ላፕቶፑን ከፍራሽና ከብርድ ልብስ ላይ አንስቶ ጠረጴዛ ላይ ማድረግ የሚጠቅመው እዚህ ነው።

ዲፌንደር ሆኖ ከተገኘ፣ መፍትሔው የጌሙን ፎልደር ከፍተሻ ነጻ ማድረግ ነው። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። መጀመሪያ የጌሙን ፎልደር ራይት ክሊክ አድርጉና «ስካን ዊዝ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር» በሉ፤ ዊንዶውስ 11 ላይ ካላገኛችሁት «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» ውስጥ ፈልጉት። ንጹህ መሆኑን ካያችሁ በኋላ ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ክፈቱ፣ «ቫይረስ ኤንድ ስሬት ፕሮቴክሽን» ግቡ፣ «ማኔጅ ሴቲንግስ» የሚለውን ተጫኑና ወደ ታች ውረዱ። «አድ ኦር ሪሙቭ ኤክስክሉዥንስ» ውስጥ «ፎልደር» መርጣችሁ የጌሙን ፎልደር ብቻ አሳዩት። ስቲም (ጌም የሚገዛበትና የሚወርድበት ፕሮግራም) የምትጠቀሙ ከሆነ ጌሞቹ ያሉት «ስቲምአፕስ» ውስጥ፣ «ኮመን» በሚባለው ፎልደር ነው። «ዳውንሎድስ»ን፣ ዴስክቶፕን ወይም ዲ ድራይቭን እንዳለ ነጻ አታድርጉ። ነጻ የተደረገ ፎልደር በራሳችሁ እጅ ስካን ስታዘዙ እንኳ ይታለፋል፤ በኋላ ሞድ ወይም ፓች (ጌሙን የሚቀይር ወይም የሚያሻሽል ፋይል) ስትጨምሩ ቫይረስ ቢገባ የሚያየው የለም። ስለዚህ አዲሱን ፋይል መጀመሪያ ሌላ ቦታ አስቀምጡት፣ ፈትሹት፣ ከዚያ ወደ ጌሙ አስገቡት።

ቀጥሎ ሰዓቱ ነው። ዊንዶውስ የጥገና ሥራውን፣ የዲፌንደርን ፍተሻ ጨምሮ፣ የሚቀጥረው፣ ካልቀየራችሁት፣ በእሱ 2፡00 ኤኤም ላይ ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። በዚያ ሰዓት ኮምፒዩተሩ ጠፍቷል፣ ወይም መብራት የለም። ያለፈው ሥራ ኮምፒዩተሩ ሲበራና ትንሽ ሥራ ሲፈታ ይጀመራል፤ ሻይ አፍልታችሁ ስትመለሱ ዲስኩ ተይዞ የምታገኙት ለዚህ ነው። ቋሚ ሰዓት ለመስጠት ታስክ ስኬጁለርን ክፈቱና ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ዊንዶውስ ዲፌንደር እያላችሁ ግቡ። «ዊንዶውስ ዲፌንደር ስኬጁልድ ስካን» የሚለውን ሁለት ጊዜ ተጫኑ፣ «ትሪገርስ» ውስጥ «ኒው» በሉና በሳምንት አንድ ቀን ምረጡለት። እሑድ የምሳ ሰዓት፣ 7 ሰዓት ላይ ከፈለጋችሁ፣ የምትጽፉት 1፡00 ፒኤም ነው።

ሁለት አንቲቫይረስ አትጫኑ። ሌላ ኩባንያ የሠራውን ስትጭኑ ዲፌንደር አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይወጣለታል፤ ሁለት የሌላ ኩባንያ ከሆኑ ግን አንዱን ፋይል ሁለቱም ይፈትሹታል፣ እርስ በርስም ይጋጫሉ። የምትጠቀሙት የተገዛ ከሆነ «ጌም ሞድ» ወይም «ሳይለንት ሞድ» የሚል ካለው አብሩት፤ ማስታወቂያንና ቀጠሮ የተያዘለትን ፍተሻ ጨዋታው እስኪያልቅ ያቆያል።

ጌሙ «ዲኤልኤል ፋይል የለም» ብሎ እምቢ ካለ «ፕሮቴክሽን ሂስትሪ»ን እዩ፤ ፋይሉን አንቲቫይረሱ አንስቶት ሊሆን ይችላል። ከስቲም ወይም ከኤፒክ የወረደ ጌም ከሆነ ፋይሎቹን «ቬሪፋይ» አስደርጉት፤ የጎደለውን ራሱ መልሶ ያወርዳል። ክራክ (ሳይገዛ እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረ ጌም) ከሆነ ግን ዝም ብላችሁ «አላው» አትበሉ። ሌባውንና ንጹሁን ክራክ በዓይን መለየት አይቻልም፤ ከክራክ ጋር ተደብቆ የሚመጣ የክሪፕቶ ማይነር (በእናንተ ኮምፒዩተር ለሌላ ሰው ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርት ፕሮግራም) ደግሞ ለማፍጠን የደከማችሁበትን ግራፊክስ ካርድ ለራሱ ያውለዋል። ምልክቱ ምንም ሳትከፍቱ ፋኑ የሚጮህ፣ ታስክ ማናጀር ሲከፈት ድንገት ጸጥ የሚል ኮምፒዩተር ነው። የሴቭ ችግር ከሆነ፣ ማለትም ጌሙ ተከፍቶ እየሄደ «ሴቭ» ካላደረገ፣ ፈቃድ የሌለው ፕሮግራም ፎልደሮቻችሁ ውስጥ እንዳይጽፍ የሚከለክለው «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» በርቶ እንደሆነ ተመልከቱና ጌሙን ፈቃድ ካላቸው ውስጥ ጨምሩት።

ፍላሹ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ሴቲንግስ ውስጥ አውቶፕሌይን (ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የሚከፍተውን) አጥፉ። ፍላሹን ስትሰኩ ሳትከፍቱት ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ስካን አድርጉ። ፎልደሮቹ በሙሉ ወደ ሾርትከት ተቀይረው ካያችኋቸው አንዱንም አትጫኑ፤ እውነተኞቹ ፋይሎች አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ተደብቀው አሉ፣ ስትጫኑት የሚነሳው ቫይረሱ ነው። ፓስወርድ ያለው ዚፕ ወይም ራር ሲሆን አንቲቫይረሱ ውስጡን ማየት ስለማይችል፣ ከፈታችሁት በኋላ፣ ኢንስታለሩን ከመክፈታችሁ በፊት እንደገና ፈትሹ።

ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒዩተርም ያረጀ ዲፌንደር ይዞ መቅረት የለበትም። ማይክሮሶፍት በድረ ገጹ የዲፌንደርን ማሻሻያ ለብቻው በአንድ ፋይል ያወጣዋል። ኢንተርኔት ቤት ሄዳችሁ 64 ቢቱን አውርዱ፣ በንጹህ ፍላሽ አምጡና ሁለት ጊዜ ተጫኑት፤ በየሁለት ሳምንቱ ብትደግሙት ጥሩ ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፣ የዲፌንደር ማሻሻያ ግን ለእሱም መውጣቱን አላቆመም።