ሳፋሪ ስንት ቀን ይበቃል? ሰሜን ታንዛኒያ ለምትሄዱ

ሳፋሪ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። እኔ ግን ቀኑ ይቅደም እላለሁ፤ ወጪውም ሆነ የምታዩት እንስሳ የሚወሰነው በቀኑ ብዛት ነው። ሦስቱን የታወቁ የዱር እንስሳት ጥብቅ ቦታዎች፣ ታራንጊሬን፣ ንጎሮንጎሮንና ሴሬንጌቲን ይዤ ላስረዳ።

መጀመሪያ አስጎብኚው የላከላችሁን ፕሮግራም አውጡና የመንገድ ቀኖቹን ሰርዙ። «የ4 ቀን ሳፋሪ» ሲባል የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን አብዛኛውን ጊዜ መኪና ላይ ነው የሚያልቀው። የሳፋሪው መነሻ ከሆነችው ከአሩሻ ከተማ ታራንጊሬ 2 ሰዓት ያህል ነው፤ አያስቸግርም። ከአሩሻ እስከ ሴሬንጌቲ እምብርት፣ እስከ ሴሮኔራ፣ ግን 7 ወይም 8 ሰዓት ይፈጃል፤ ከንጎሮንጎሮ በር በኋላ መንገዱ ኮረኮንችና አቧራ ነው። በመንገድ ላይ የሚታይ ባይጠፋም ያን ቀን እንደ ሙሉ ቀን አትቁጠሩት። ከስረዛው የተረፈው ነው እውነተኛው ሳፋሪያችሁ።

ቀጥሎ የተረፈውን ቀን ለየቦታው አከፋፍሉ። ንጎሮንጎሮ እሳተ ገሞራ ወደ ውስጥ ተደርምሶ የፈጠረው ጎድጓዳ ሜዳ ነው። ወለሉ 260 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንድ ቀን ይበቃዋል፤ በማለዳ ውረዱ። ጥቁር አውራሪስ የማየት ዕድላችሁ ሰፋ የሚለው እዚያ ነው፤ ቀጭኔ ግን እዚያ ወለል ላይ የለም። ለቀጭኔና ለዝሆን ታራንጊሬ አንድ ቀን ስጡት፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባለው የበጋ ወራቸው ዝሆኖቹ ወንዙን ተከትለው ስለሚሰበሰቡ ሁለት ቀን ቢሆን አይቆጭም።

ሴሬንጌቲ ላይ ግን አትሰስቱ። 14,763 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ቢያንስ 3 ሌሊት እደሩበት። ምክንያቱን በዓይኔ አይቻለሁ። የመጀመሪያው ቀን አመሻሽ ላይ ሴሮኔራ ወንዝ አጠገብ አንድ ዛፍ ሥር መኪኖች ተደርድረው ደረስን። ከነብሯ የታየን ጭራዋ ብቻ ነበር፤ ከቅርንጫፉ እንደ ገመድ ተንጠልጥሏል። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተመለስን፤ ሌላ መኪና የለም። ነብሯ ግንዱን በጥፍሯ ቆንጥጣ፣ ጭንቅላቷን ወደ ታች አድርጋ ቀስ ብላ ወረደች። ሳሩ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ቆማ አየችን። አንድ ሌሊት ብቻ አድረን ቢሆን ኖሮ የምናስታውሰው ጭራዋን ብቻ ነበር።

የማለዳ ቀጠሮ ስትይዙ፣ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው መሆኑን አትርሱ። ሹፌሩ «ሳ ኩሚ ና ምቢሊ አሱቡሂ» ካላችሁ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ ሲናገር ግን 6 ይላል፤ የቱን እንደሆነ አጣሩ።

ወቅቱም ቀን ይጨምራል። ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት ዊልደቢስቶቹ (በትልልቅ መንጋ የሚሰደዱት ቀንዳም ሣር በል እንስሳት) የሚወልዱት በሴሬንጌቲ ደቡብ፣ በንዱቱ አካባቢ ነው፤ ማረፊያችሁን እዚያው አድርጉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ማራ ወንዝን ሲሻገሩ ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ወደ ሰሜን መዝለቅ ግድ ነው፤ መሻገሪያቸው ቀጠሮ ስለሌለው 2 ሌሊት ጨምሩ። ልጅ ወይም አረጋዊ ካለ በመሃል አንድ የዕረፍት ቀን ይግባ፤ የመኪናው ንጠት ወገብ ይፈትናል።

እኔ የምመክረው 6 ሌሊት ነው። 3 ሌሊት ብቻ ካላችሁ ሴሬንጌቲን ለሌላ ጊዜ ትታችሁ ታራንጊሬንና ንጎሮንጎሮን በደንብ እዩ። ገንዘቡ ካለ ከአሩሻ በትንሽ አውሮፕላን ሴሮኔራ መግባት የአንድ ቀን መንገድ ያድናል፤ ሻንጣ ግን ብዙ ጊዜ ከ15 ኪሎ አያልፍም።

ከኢትዮጵያ የምትነሱ ከሆነ ቆጠራው ከበረራው በፊት ይጀምራል። ታንዛኒያ ስትገቡ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠየቃላችሁ፤ ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው።